ከጎንደር ቶሮንቶ ስንት ሰዓት ነው?

የሁለት ከተሞችን ርቀት በትክክል መናገር እስክማር የወጣብኝ ይህ ነው፦ አንዲት እናት በሰው አገር ራሳቸውን ስተው ወደቁ፤ የመንደራቸው የኮሶዬ ሰውም አንድ ዓመት ሙሉ ደጄን አልረገጠም።

ጎንደር ፒያሳ ላይ የነበረኝን የጫማ ሱቅ ትቼ የአውሮፕላን ትኬት መቁረጥ በጀመርሁበት ቀን የመጀመሪያው ደንበኛ ዋጋ አልጠየቀኝም። አዲስ አበባ በስንት ሰዓት ይገባል አለኝ። አንድ ሰዓት ገደማ አልሁት። መነሻውን ከመድረሻው መቀነስ ነው፤ የሥራው ምስጢር ይኸው መሰለኝ።

በሁለተኛው ዓመት ሁዳዴ ላይ እማማ አሰገደች ከኮሶዬ መጡ። ቶሮንቶ ያለች ልጃቸው መውለጃዋ ደርሷል፤ ከእሳቸው በቀር የሚያርሳት የላትም። ትኬቱን አየሁ። ከአዲስ አበባ ማታ አራት ተኩል ተነሥቶ ንጋት አሥራ ሁለት ተኩል ይደርሳል። ቀነስሁ።

«ስምንት ሰዓት ነው እማማ፤ አንድ እንቅልፍ» አልኋቸው።

ሸጋ ነው ብለው መረቁኝ። የጦም ምግብ ሳይቀር አዝዤላቸው ደረቴን ነፋሁ።

ንጋቱ የቶሮንቶ ንጋት መሆኑን አላሰብሁም። ነዳጅ ለመቅዳት ከሚቆመው ጋር መንገዱ አሥራ ስድስት ሰዓት ነው። እዚያ ሲነጋ ጎንደር ከቀኑ ዘጠኝ ሊሆን ነው።

እማማ ደግሞ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። አውሮፕላኑ ላይ ምግብ ሲቀርብላቸው፣ እራቴን በልቻለሁ፣ አሁን ሊነጋ ነው ብለው መለሱት። ሲወርዱም ማለዳ ሆኖ ጠበቃቸው። ቀትር ላይ ልጃቸው ጎንደር እኮ መሽቷል ብላ እንዲበሉ ብትለምን፣ «እኔ ያለሁት እዚህ ነው፤ ፀሐይዋ ገና አናቴ ላይ ናት፤ ምነው ታጣድፊኛለሽ?» አሏት። ከዚያ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ወደቁ። አዲስ አበባ እራት ከበሉ ሃያ አራት ሰዓት ሞልቷቸው ነበር። እርጉዟ ልታነሣቸው ስላልቻለች ጎረቤት ጠራች።

በማግስቱ ደወለችልኝ። «እናቴን ስምንት ሰዓት ያልሃት አንተ ነህ?»

ነኝ አልሁ። ጫማ ሻጭ ሳለሁ ቁጥር ብሳሳት ሰውየው ተመልሶ መጥቶ ይቀይር ነበር።

ኮሶዬ ወጣሁ፤ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። ሰላምታዬን የመለሱልኝ የእማማ የነፍስ አባት ብቻ ናቸው። ነገሩን ሰምተው ሳቁና፣ «በል ደውልላት። እስክትለምደው ድረስ በአገሯ በጎንደር ሰዓት ትግደፍ፤ ፈቅጃለሁ» አሉኝ።

ደወልሁ። እማማ የነፍስ አባታቸውን ቃል ሰምተው ጠየቁኝ፦ «አሁንስ በደንብ ቆጥረኸዋል?»

«ቆጥሬዋለሁ እማማ።»

ገደፉ። ልጃቸው በሳምንቱ ወለደች፤ ያራሷትም እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ወዲህ በየትኬቱ ጀርባ የዚያን አገርና የጎንደርን ሰዓት በእጄ እጽፋለሁ፤ ከሥሩ መንገዱ የሚፈጀውን። በዚህ የሳቁብኝ ሌሎች ትኬት ሻጮች ዛሬ ይህንኑ ያደርጋሉ። እማማም በዓመቱ ሲመለሱ፣ ለጉዞ የተነሣ ወንድማቸውን ይዘውልኝ መጡ። «አንዴ ተሳስቷል፤ አልሳሳትም ከሚለው ይሻልሃል» ብለው አስተዋወቁን።

ርቀት የሚቆጠረው መንገደኛው በሚያሳልፈው ሰዓት ነው። በእኔ ትኬት ከዚያ በኋላ የሄደ ጦመኛ ሁሉ በእግሩ ቆሞ ደርሷል።