የጄኔራሉ ጀርባ

ከእናቴ ፉል ቤት ደጃፍ ሆኖ ለሚያይ ጄኔራሉ ጀርባ ብቻ ናቸው። ሰፊ ትከሻ፣ ቀበቶ፣ ወደ ኋላ የተያያዙ እጆች፣ ከዚያ በታች ቦት ጫማ። ሐውልቱ በከተማችን በገንዳ ውሃ አደባባይ ላይ የተመረቀ ዕለት እናቴ ከምድጃዋ አልተነቃነቀችም። ለምረቃ የመጣው ሕዝብ ሁሉ ርቦት ነበርና ፉል ስትደፈጥጥ ዋለች። ቀና ብላ ያየቻቸው አመሻሽ ላይ በሩን ልትዘጋ ስትወጣ ነው።

«ባሌን ወስደው ሲያበቁ ጀርባቸውን ይስጡኝ?» አለች።

አባቴ በእኒህ ጄኔራል ሥር ዘምቶ ነው የቀረው። እኔ ያኔ ገና ዳዴ እል ነበር። መርዶው መጣ፤ የት እንደወደቀ፣ ማን አፈር እንዳለበሰው ግን የነገረን የለም። ጄኔራሉም እዚያው ጦርነት ላይ አለፉ፣ ስለዚህ የሚጠየቅ ሰው ጠፋ። እናቴ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። «ሰማይ ቤት ስደርስ መጀመሪያ የምጠይቀው እሳቸውን ነው፤ ባሌ ቀባሪ አግኝቷል ወይ? እላቸዋለሁ» ትላለች። አሁን ሰውየው ሰማይ ቤት ሳይጠብቋት ደጇ ድረስ መጡ፤ መጥተውም ፊታቸውን ወደዚያ አዞሩ።

ጠዋት ጠዋት ፉል የሚበላ አንድ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ አለ። በማግስቱ ገና ሳይቀመጥ፣ ለምን ጀርባቸውን ሰጡን ብላ ያዘችው።

«እማማ፣ ድንበር የሚጠብቅ ሰው ፊቱ ወደ ድንበር ነው። ወደ መተማ ዮሐንስ ነው የሚያዩ» አላት።

«ከድንበሩ ወዲህ ያለነውንስ ማን ይየን?»

ልጁ ሳቀ። «ሲሚንቶ እኮ ነው እማማ፣ ወንበር አይደለም አንስተን የምናዞረው።»

አስፋልቱን ተሻግራ እንድታያቸው ብለምናት አሻፈረኝ አለች። «እንግዳው እሳቸው ናቸው። ባለቤት ነው እንዴ እንግዳ ዘንድ ሄዶ እጅ የሚነሳ?» ገበያ ስትወጣ እንኳ በጓሮ በር ሆነ። ግትርነቷን አውቀዋለሁ፣ ወርሼዋለሁም። የገረመኝ ሌላ ነው፤ ጥሏ በአንቱታ መሆኑ። ስትራገም እንኳ «እግዜር ይይልዎ» እንጂ «ይይልህ» ከአፏ አይወጣም። እንዲህ ተከብሮ የሚረገም ሰው አይቼ አላውቅም።

እያደር ግን ልቧ ተንጠለጠለ። ፉል ስታቀርብ እንደ ዋዛ ትጠይቃለች፤ «ፊታቸው እንዴት ነው?» የባጃጁ ሹፌር ኮስታራ ናቸው አላት። ከጎንደር የሚመጣው ባለ ሰሊጥ እርሻ ደግሞ ሊስቁ ምንም አልቀራቸው ብሎ ማለ። ከድንበሩ ወዲያ ያለው ጦርነት ያሻገረው ሱዳናዊ የጭነት መኪና ሹፌር «ወላሂ፣ አጎቴን ይመስላል» አለና ዳቦውን አጠቀሰ። እኔ አፍንጫቸው ትልቅ ነው አልኳት።

«አፍንጫ ጠየቅሁሽ?»

«ታዲያ ምን?»

«የሚናገር ፊት ነው፣ የሚደብቅ?»

እኔ እንኳን የተጠየቅሁትን ያልተጠየቅሁትንም አነፍንፌ የማድር ሰው ነኝ፤ ሄጄ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ። አንጋጥጬ አንገቴ እስኪደነዝዝ አየሁ። የሚናገር ይሁን የሚደብቅ ሳልለይ ተመለስኩ። ያን ቀን እናቴ አኮረፈችኝ።

የሰሊጥ አጨዳው በደረሰ ሰሞን ነው። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ ከተማው ወደ አብደራፊና ወደ መተማ በሚጫን የቀን ሠራተኛ ተጥለቅልቋል። እናቴ ድስቱን ከደነች፣ ነጠላዋን አናቷ ላይ ጣል አደረገች፣ ወጣች። ወደ ጓሮ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። በፊት ለፊቱ በር ወጥታ አስፋልቱ መሀል ገባች። አንድ ትራክተር ቀጥ ብሎ አሳለፋት። እኔም ተከተልኳት።

ከሐውልቱ ሥር ጥላ የያዙ ሠራተኞች ተነስተው መንገድ ለቀቁላት። ዞራ ፊት ለፊታቸው ቆመች። መዳፏን ግንባሯ ላይ አድርጋ ቀና አለች። ታለቅሳለች ብዬ ልደግፋት ተጠጋሁ። እናቴ ግን አላለቀሰችም።

«ውይ!» አለች። «ልጅ ነው ለካ።»

*ነው* አለች። ከልጅነቴ ጀምሮ ስትጠራቸው የሰማሁት አንቱታ ያን ጊዜ ወደቀ። ቀና ብዬ አየሁ፤ እውነቷን ነው። ቀራጩ ያገኘው ፎቶ የወጣትነት ይሁን፣ ወይም ሰውየው ሲሞት በእርግጥ ያን ያህል ልጅ ይሁን፣ አላውቅም። ጉንጩ ሙሉ ነው፣ ሪዙ ገና ያቆጠቆጠ። አፍንጫውን ሳጠና ዕድሜውን ስቼዋለሁ። ለካ እሱ እዚያው ቀርቶ እናቴ ብቻዋን አርጅታለች። አባቴም እንደዚሁ ልጅ እያለ መቅረቱን፣ እኔ ራሴ በዕድሜ አልፌው መሄዴን ያን ቀትር ነው ያወቅሁት።

እናቴ ትንፋሿን ሰበሰበች። ዕድሜ ልኳን ያዘጋጀችውን ጥያቄ ልትጠይቅ ነው ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ። ነጠላዋን ከአናቷ ወደ ትከሻዋ አወረደችና፣ አምሽቶ የገባን ልጅ እንደምትጠይቅ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፦

«አንተስ ልጄ፣ ቀባሪ አገኘህ?»