የምግብ ቤቱ ምንጣፍና የዋንዛው ገንዳ

የምግብ ቤት ምንጣፍ ማጠብ ያዋጣሽ ይሆን ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ባሌ በጣሊያን ጊዜ እንደወጣ ቀርቷል፤ ልጄን ለማክሰኝት ሰው ድሬያለሁ። ቤቴ ውስጥ ጠያቂዋም መላሿም እኔው ነበርሁ።

ከዚያ በፊት ዟሪ ነበርሁ። አንድ ሰሞን ኮላ ድባ፣ አንድ ሰሞን ማክሰኝት፣ እግሬ ወደመራኝ እየሄድሁ የሰው ቤት ምንጣፍና የበግ ጠጉር ባና አጥባለሁ። ፊደል ስላልቆጠርሁ ምንጣፉን የማውቀው በእድፉ ነው፤ ይሄ ሕፃን የተኛበት፣ ይሄ ጠላ የፈሰሰበት፣ ይሄ ደግሞ ለእንግዳ ብቻ የሚዘረጋ፣ ከአቧራ በቀር ምንም ያልነካው። የሰው ቤት ምንጣፍ የሚያስገኘው ትንሽ ነው። ነገር ግን ባለቤቷ አጠገቤ ተቀምጣ ታወራኛለች፣ ምሳ አብረን እንበላለን፤ ወደ ማደሪያዬ ስመለስ ጆሮዬ ጠግቦ ነው የምመለሰው።

አንድ ቀን ፒያሳ አጠገብ ምግብ ቤት ያላት ሴት አስጠራችኝ። ጣሊያን ጥሎት በሄደው ቤት ውስጥ ምንጣፍ በምንጣፍ ላይ አንጥፋለች።

«እታለም፣ ክንዷ ብርቱ ነው አሉኝ» አለች።

«ክንዴ ሳይሆን እግሬ ነው እትዬ። ምንጣፍ የሚታጠበው በእግር ነው።»

«በእግርሽም እጠቢው በጥርስሽም፣ ብቻ ይሄን ሽታ አጥፊልኝ። እንግዶቼ ገና ወጡ ሳይቀርብ ሽታውን ጠግበው ሊሄዱብኝ ነው!»

የቤት ምንጣፍ በቀዝቃዛ ውሃና በእንዶድ ይጠራል። የምግብ ቤቱ ግን ቅቤ የጠጣ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይረጋል፣ ይብስበታል። ውሃ ማፍላት፣ አመድ ማጥለል፣ ከአባቴ በወረስሁት ትልቅ የዋንዛ ገንዳ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ በማግስቱ ወገብ እስኪቆረጥ መርገጥ ነው። ለአንዱ የሚወጣው ጉልበት ሦስት የቤት ምንጣፍ ያጥባል። ቢሆንም ወር በገባ ቁጥር የማይቀር ሥራ ነው፤ መንገድ መዞሩ ቀረልኝ። በጓሮ በር እቀበላለሁ፣ በጓሮ በር አስረክባለሁ። «እዚያ አስቀምጪው» ከማለት በቀር አፉን የሚከፍትልኝ አልነበረም።

ከሰው ጋር የምውልበት አንድ ቀን ቀርቶልኝ ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከሆሳዕና በፊት፣ የደብራችን ሴቶች ለበረከት ብለን የቤተ ክርስቲያኑን ምንጣፎች ቀሃ ወንዝ ወስደን እናጥባለን። ትከሻ ለትከሻ ተያይዘን እንረግጣለን። አንዷ ስትንሸራተት ሁላችንም እንወድቃለን፤ ከዚያ በሳቅ መነሳት ያቅተናል። ዓመቱን ሙሉ የምጠብቃት ያቺን ቀን ነበር።

በዚያ ዓመት ጾሙ ሲገባ ምግብ ቤቱ ተዘጋና ሴትዮዋ ምንጣፎቿን ሁሉ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ጨርሼ በመለስሁ በሦስተኛው ቀን የቤተ ክርስቲያኑ ተራ ደረሰ። ቀሃ ግን ደርቆ ቁርጭምጭሚት አያርስም። ትልቁ፣ የመቅደሱ ፊት ምንጣፍ አልነከር አለን።

«እኔ ዘንድ ገንዳ አለ፤ ላሳድረው» አልኋቸው።

«ሸጋ ብለሻል!» አለች የመሪጌታው ሚስት። ሁሉም መረቁኝ። ደስ ብሎኝ ገንዳውን በአመድ ሦስት ጊዜ ፈተግሁት። ዋንዛ ግን እንጨት ነው፣ የጠጣውን ቅቤ መልሶ ይተፋል። እኔ ደግሞ ከቅቤ ጋር ውዬ ከቅቤ ጋር የማድር፣ በየትኛው አፍንጫዬ ልለየው?

የሕማማት ሰኞ ስግደቱ ተጀመረ። እኩለ ቀን ሳይደርስ አንድ ሽማግሌ ላባቸውን እየጠረጉ ወደ ደጀ ሰላሙ ወጡ።

«ምነው አያ፣ ደከሙ?» አለቻቸው አንዷ።

«ጉልበቴስ ደህና ነው። አፍንጫዬ ነው የፈሰከ! ግንባሬን ባስነካሁ ቁጥር ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ይለኛል።»

አንዳንዶቹ ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ገበዙ ሰሙና ገብተው ተንበርክከው አሸተቱ። ወጥተው ወደኛ መጡ።

«ይህን ምንጣፍ ማን ነው ያጠበው?»

አንዷም አልጠቆመችኝም።

«እኔ ነኝ አባቴ። የምግብ ቤቱ ምንጣፍ በታጠበበት ገንዳ ነው ያሳደርሁት» አልሁ።

«በጾም?»

«በጾም።»

ገበዙ ምንጣፉን አስጠቅልለው አስወጡት። ሰው ሳምንቱን ሙሉ በባዶው ድንጋይ ላይ ሰገደ። የሽማግሌዎቹ ጉልበት ድንጋዩን ሲመታ ከሴቶቹ በኩል ቆሜ እሰማ ነበር።

በሕማማት ሰላም መባባል፣ መሳሳም የለም። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው በአጠገቤ ያልፋሉ። ሳምንቱ ነው ዝም ያሰኛቸው፣ ወይስ እኔ ነኝ? ማወቂያ የለኝም። ፋሲካ እስኪደርስ ያንን ብቻ ሳሰላስል ሰነበትሁ፤ በጾም ራብ ሳይሆን በዚያ ነው የከሳሁት። ፋሲካ ሲሆን ሁሉም ሳሙኝ። «እንኳን አደረሰሽ» አሉኝ። የመሪጌታው ሚስት እንዲያውም ሁለት ጊዜ ሳመችኝ። ቤቴ ገብቼ አለቀስሁ፤ አለቀ፣ ተረሳ ብዬ።

በዓመቱ ሆሳዕና ሲቃረብ የሚጠራኝ ሰው ጠበቅሁ። ዛሬ ይመጣሉ፣ ነገ ይመጣሉ ስል የምግብ ቤቱ ምንጣፍ እርጥቡን ሊሸትብኝ ሆነ። ሙቁ ውሃ ያልጨረሰለትን ላለቅልቀው በአህያ ጭኜ ወደ ቀሃ ወረድሁ። ወንዙ በዚያ ዓመት ሞላ ብሎ ነበር። ሳላያቸው በፊት ሳቃቸውን ሰማሁ። ተያይዘው ይረግጣሉ።

«መጣሽ እቴ? ቅቤሽ እንዴት ሰነበተ?» አለች የመሪጌታው ሚስት።

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ክፋት አልነበረበትም። ምንጣፌን ከአህያዋ አውርጄ ዳር አስቀመጥሁና መካከላቸው ልገባ የቀሚሴን ጫፍ ሰበሰብሁ።

«ቆይ፣ ቆይ የኔ እናት» አለች፣ እጇን ዘርግታ፣ በለስላሳ ድምፅ። «አንቺ ከታች በኩል ሁኚ። ውሃው ከኛ ወዳንቺ ይሂድ።»

እውነቷን ነው። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ይህንኑ እል ነበር። ምንጣፌን ተሸክሜ የወንዙን እጥፋት አልፌ ወረድሁ። ከዚያ ሆኜ ድምፃቸው ይመጣል፣ ቃሉ ግን አይለይም። የምይዘው ትከሻ ስለሌለ አህያዋን የምነዳበትን በትር ተደግፌ ረገጥሁ። ከላይ የእነሱ የእንዶድ አረፋ እየተንሳፈፈ ወደ እግሬ ይደርሳል፤ ከእኔ በታች ቅቤው እየለቀቀ ይሄዳል። ምንጣፉ በዚያ ቀን እንደጠራው ጠርቶ አያውቅም።