ፈቀቅ ባልን ቁጥር

"እማዬ፣ ስኩች" አለችኝ ልጄ፣ ሶፋው ላይ በዳሌዋ እየገፋችኝ። ቃሉን ከስልኳ ነው የለቀመችው። እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝና አጻጻፉን ጠየቀችኝ። ሁለት ዓይነት እንደሚጻፍ፣ ከጓደኛ ጋር ለጨዋታ እንጂ ለፈተና ወረቀት እንደማይሆን ነገርኳት። ትርጉሙ ያው "ጠጋ በይ" ነው።

ይህን ስል በልጅነቴ ከተማ በሰቃ፣ ክሊኒኩ በር ላይ የነበረው ረጅም አግዳሚ ታወሰኝ። ልብስ ሰፊው አባቴን ያን ሰሞን ሳል ይዞት ነበር። በሩ ተከፍቶ አንድ ሰው በገባ ቁጥር ወረፋው በሙሉ ፈቀቅ ይላል። ጣውላው በሰው ልብስ ተወልውሎ ያብለጨልጫል። ከጎኔ ያሉት አሮጊት በኦሮምኛ "ሲቂ፣ ሲቂ ልጄ"፣ ጠጋ በይ ሲሉኝ እየሳቅኩ እንሸራተታለሁ።

ተራችን ሲደርስ አባቴ ተነሳና "እርስዎ ይቅደሙ እማማ" አላቸው። ከዚያ ሌላውንም አሳለፈ። ከዚያም ሌላውን።

አሮጊቷ ሲወጡ "አንተስ ልጄ?" አሉት።

"በሩ የትም አይሄድም" አለ። እጄን የያዘው መዳፉ በላብ ርሷል።

አባቴ እንዴት ጨዋ ነው ብዬ ኮራሁ። አግዳሚው ባዶ ሲቀር ሳንገባ ተመለስን። ቤት ስንደርስ እናቴን "ደህና ነህ ብለውኛል" አላት። ቀና ብዬ አየሁት፤ እሱ ግን አላየኝም። የዚያን ዓመት ቡና ተለቅሞ ሳያልቅ አባቴን ቀበርነው።

"እማዬ፣ ጠጋ በይ እንጂ።"

ጠጋ አልኩላት።

"ሐኪሙስ ዛሬ ምን አለሽ?"

ሳልገባ የተመለስኩበት የቀጠሮ ወረቀት እንደታጠፈ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

"ደህና ነሽ ብሎኛል" አልኳት።