የዶኛ ኤዱቪሄስ ስብርባሪ ቅዱሳን

ዶኛ ኤዱቪሄስ ከፀጉር ማስተካከያዬ ማዶ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አሬፓ ጠብሳለች። በዚያ የበቆሎ ቂጣ ሆድ ውስጥ ጥሬ እንቁላል ከትቶ ሳያፈስ የሚጠብስ እጅ በባራንኪያ ከተማ ከእሷ ሌላ የለም። የሚከራከረኝ ካለ ፀጉሩን ሌላ ቦታ ይቆረጥ። አውቶቡስ ነጂ የነበረው ባሏ ሲሞት የተወላት ያችን የጥግ ጉልትና አንዲት የጄሶ ምስል ነው፤ የነጂዎች ጠባቂ፣ የካርሜን እመቤት።

ጥጓን ግን ሰፈሩ ሁሉ ወዷታል። በቀትር፣ ሙቀቱ ሰውን በየቤቱ ሲዘርረው፣ አንዱ አሮጌ ፍራሽ አምጥቶ ይጥልባታል፣ ሌላው የተሰነጠቀ የሽንት ቤት መቀመጫ። ዋናው አበሳ ኦቢዲዮ ነበር፤ በበቅሎ ጋሪው የየቤቱን ፍርስራሽ ይሰበስብና እዚያው ይገለብጣል።

«አንተ ሰውዬ፣ ትንሽ እንኳን አታፍርም?» ትለዋለች ጭልፋዋን እያወናጨፈች።

«እኔ መቼ ሆኜ ዶኛ፣ በቅሎዋ ናት እኮ! እዚህ ስትደርስ ራሷ ትቆማለች።»

አንድ ቀን ከጤና ቢሮ ሳልሴዶ የሚባል ለጋ ተቆጣጣሪ በሞተር ብስክሌት መጣ። ክምሩን አየ፣ በእርምጃ ለካ።

«ከምግቡ አሥር እርምጃ ሳይርቅ ቆሻሻ አለ። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በካርሜን በዓል ማግስት እመለሳለሁ። ያኔም ካለ ጉልቱ ይነሳል» አላት።

የሚጥለው ሌላ፣ የምትነሳው እሷ! ደሜ ፈላ። ምላጭ በእጄ ስለነበር ግን የደንበኛዬን ጢም መላጨቴን ቀጠልኩ።

በዚያው ዕለት ዶኛ ኤዱቪሄስ ጥጓን ጠረገች፣ ጡብ ደረደረች፣ ከመኝታ ቤቷ እመቤቲቱን አውጥታ አቆመቻት። በማግስቱ ኦቢዲዮ ጋሪውን ሞልቶ ደረሰ። በአንገቱ ስዕሏን ያንጠለጠለ ሰው ነውና ሲያያት ደነገጠ፣ ኮፍያውን አወለቀ። በቅሎዋ እንደ ልማዷ ቀጥ አለች።

«ነይ እንጂ፣ አታዋርጂኝ!» እያለ ጎትቶ ወሰዳት።

አንድ ሳምንት ሙሉ ጥጓ እንደ ታጠበ ሳህን ጸዳች። ከዚያ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ቤቴ ውስጥ ራስ የሌለው የቅዱስ አንቶኒዮ ምስል ነበረኝ። የተባረከ ምስል ደግሞ ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም፤ ሰው ይቅርና የሰፈራችን ድመት ታውቀዋለች። «ከእመቤታችን አጠገብ ቢቀመጥ ምን ይላል?» ብዬ በቀትር ሹልክ ብዬ እግሯ ስር አኖርኩት።

ለካ የሰው ሁሉ ቤት እንደኔው ኖሯል። በማግስቱ እግር የሌለው ቅዱስ ላዛሮ መጣ። ከዚያ ሁለት አፍንጫ አልባ መላእክት፣ የተበጠሱ መቁጠሪያዎች፣ እርጥበት የበላው የጌታ ስዕል። በዓሉ ሲደርስ ክምሩ ከኦቢዲዮ ዘመን በለጠ። ሊያነሱት የመጡት የቆሻሻ መኪና ሠራተኞችም እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ።

«ቅዱስ ሚካኤልን የመኪናው መጭመቂያ ውስጥ? እኔ ልጆች አሉኝ ዶኛ!» አለ አንዱ።

ዶኛ ኤዱቪሄስ በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። በባሏ ቀብር እንኳ እንዲህ ስታለቅስ አላየኋትም።

«ፍራሽ ሲጥሉብኝ እሳደባለሁ። አሁን ማንን ልስደብ?»

«እኔን» አልኳት። «አንቶኒዮ የኔ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ራሱስ?»

«ጠፋ።»

«አካፋ ይዘህ ካልመጣህ ያንተም ይጠፋል።» የሰፈራችንን ቄስ ጠይቃ፣ የተሰበረ ቅዱስ ወይ ይቃጠል ወይ ይቀበር ብለዋት ኖሯል።

በበዓሉ ማግስት ጠዋት እኔና ኦቢዲዮ እዚያው ጥጓ ላይ ጉድጓድ ቆፈርን። ሳይሸኙ መቅበር ነውር ነው ተባለና ቅዱሳኑን በጋሪው ጭነን ሰፈሩን ዞርን። ሴቶቹ ይዘምራሉ፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቅዱስ በጎደለው አካሉ እያወቀ ዓይኑን ያብሳል። ጥጓ ስንደርስ በቅሎዋ ማንም ሳያዛት ቆመች።

ሳልሴዶ እዚያ እየጠበቀን ነበር።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቀብር ነው» አለ ኦቢዲዮ ደረቱን ነፍቶ።

«ቀብር ከሆነማ ምግብ ከመቃብር መቶ እርምጃ መራቅ አለበት» አለ ልጁ።

መዝሙሩ ቆመ። ኦቢዲዮን በአካፋው ልለው ትንሽ ቀረኝ። ሳልሴዶ ግን መዝገቡን ሳይከፍት ጋሪውን አየና ወደ ሞተሩ ሄዶ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ተመለሰ። ክንፉ የተሰበረ መልአክ ነው።

«የእናቴ ነው» አለ። «ከሞተች ጀምሮ ሁለት ዓመት ይዤው ዞርኩ። የት እንደሚደረግ የሚነግረኝ አጣሁ።»

ዶኛ ኤዱቪሄስ መልአኩን አየች፣ ልጁን አየች።

«መቃብር ነው ካልክ፣ ልጄ፣ እኔም ጉልቴን ይዤ እሄዳለሁ፣ ጉድጓዱም ይዘጋል። የአበባ መደብ ነው ካልክ ግን አንድ ቦታ አለኝ።»

ሳልሴዶ መዝገቡን ከፍቶ «የአበባ መደብ፤ ንጹሕ» ብሎ ጻፈ። ቅዱሳኑን ከጋሪው አውርደን ጉድጓዱ ውስጥ ስናስተኛ እሱም ተንበርክኮ የእናቱን መልአክ በገዛ እጁ ከአንቶኒዮ ጎን አስተኛው። አፈር የመለሰው ኦቢዲዮ ነው።

የዚያን ቀን የመጀመሪያዋ አሬፓ የተሰጠችው ለሳልሴዶ ነበር። ከመቃብሩ ሦስት እርምጃ ርቆ፣ ቆሞ፣ እያለቀሰ ጨረሳት።