መጋቢ ዘካሪያስና የመቃብሩ ቦታ

ልክነሽ በሞተች ማግስት አስከሬኗን የጫነው አይሱዙ የዶርዜን ጠመዝማዛ ዳገት ሲያያዘው፣ መጋቢ ዘካሪያስ ከሣጥኑ አጠገብ፣ ከባሏ ከካሱ ጎን ተቀምጠው ነበር። በአርባ ምንጭ ሲቀላ ገበያ ሙዝ እየሸጠች ሃያ ዓመት የኖረች ሴት፣ በኖረችበት ከተማ የምታርፍበት ጉድጓድ አጥታ ወደ ተወለደችበት ደጋ መመለሷ ነው። ወንጌላውያኑ በአርባ ምንጭ የራሳቸው መቃብር አልነበራቸውም። ኦርቶዶክሶቹ ጎረቤቶቿ ድንኳን ተክለው፣ ንፍሮ ቀቅለው አልቅሰውላታል፤ በደብሩ ግቢ ግን የሌላ እምነት ሰው አይቀበርም። ይህን ሁሉም ስለሚያውቅ ማንም በማንም አልተቆጣም።

ካሱ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የሚያለማ፣ ንግግር የማይወድ ሰው ነው። ዳገቱን ሊጨርሱ ሲሉ አንገቱን እንደደፋ፣

«መጋቢ፣ እኔስ የት ነው የምቀበረው?» አላቸው። «እኔ የወላይታ ሰው ነኝ። እዚህ ላይ ማንም አያውቀኝም።»

«እግዚአብሔር ያውቃል» ሊሉት ነበር። ቃሉ አፋቸው ላይ ሲደርስ ግን ከበዳቸው።

ጊዜው መጋቢት 1987 ነበር። ለመቃብር ቦታ ያስገቡት ማመልከቻ ሦስት ዓመት ሆኖታል። በደርግ ዘመን ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ የእህል መጋዘን ሲሆን፣ መጋቢ ዘካሪያስ አሥራ አራት ወር ታስረው ጉልበታቸው ያኔ ተበላሽቷል። ነፃነት ሲመጣ አርፋለሁ ብለው ነበር። የመጣው ግን ስብሰባ ነው፤ ኮሚቴ ነው፤ የመዘምራን ጠብ ነው፤ ከየመሥሪያ ቤቱ «የሃይማኖት አባቶች ይገኙልን» የሚል ደብዳቤ ነው። ሦስት ሆነው በሹክሹክታ ሲጸልዩ ያልደከማቸው ሰው፣ ድምፅ ማጉያ ይዘው በሺህ ሰው ፊት ሲቆሙ ይዝሉ ጀመር።

ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ክብሩ ቤታቸው መጣ። ክብሩ ያጠመቁት የመንፈስ ልጃቸው ነው። ያኔ አብሯቸው ታስሮ አንድ ብርድ ልብስ ተጋርተዋል። አሁን መሬት በሚሰጠው ቢሮ ኃላፊ ሆኗል፤ በወሩ መጨረሻ ለሚደረገው ምርጫም ዕጩ ነው።

«መጋቢ፣ እሑድ ከስብከቱ በኋላ አንድ ነገር ቢሉልኝ» አለ። «'ክብሩ የኛ ልጅ ነው፣ ምረጡት' ብቻ። ያ የመቃብር ጉዳይ ደግሞ በኔ በኩል ያልቃል።»

«ባልልስ?»

ክብሩ ፈገግ ብሎ ባርኔጣውን አነሳ። «እርስዎ ለሕዝብዎ ያስባሉ።»

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ሰብሳቢው አቶ ምሥጋና ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ነገር አያንዛዛም። «ሁለት ቃል ነው፣ መጋቢ» አለ። «በሁለት ቃል የስንት ሰው ሬሳ ከመንከራተት ይድናል። ደግሞ ልጁም ውሸታም አይደለም፣ የኛው ነው።»

እውነትም ክብሩ ክፉ ሰው አልነበረም። መጋቢ ዘካሪያስን የሚያስጨንቃቸውም ይኸው ነው። ድሮ ካድሬው ወረቀት አምጥቶ «ይህን ከመድረክ አንብብ» ሲላቸው እምቢ ማለት አላስቸገራቸውም፤ ጠላት ጠላት ነው። ወዳጅ ሲጠይቅ፣ ያውም ደግ ነገር ይዞ ሲጠይቅ፣ እምቢ የሚባልበትን ጉልበት ከየት ያመጡታል? ዛሬ ለክብሩ የተከፈተ መድረክ ነገ ለማን ይዘጋል? ደግሞስ ካሱ ምን በደለ? ቅዳሜን ሙሉ በዚህ ሲዋዥቁ ዋሉ።

እሑድ ጸሎት ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ክብሩ ከፊት ተቀምጧል። ስብከቱን ጨርሰው መጽሐፋቸውን አጠፉና፣

«በሚመጣው ሳምንት ምርጫ አለ» አሉ። «ሄዳችሁ ምረጡ። የማንንም ስም ግን ከዚህ ቦታ አትሰሙም። ከታሰርንበት ምክንያት አንዱ ይህ ነበር።»

ክብሩ መዝሙሩ ሳያልቅ ወጣ። ካሱ በር ላይ የዘረጉለትን እጅ እንዳላየ ሆኖ አለፈ። ከሁሉም ያ አመማቸው።

ክብሩ ያለ እሳቸውም ተመረጠ። ከዚያ ወዲህ ጸሎት ቤት አልመጣም፤ የመቃብር ማመልከቻው ፋይልም ጠፋ። መጋቢ ዘካሪያስ በየማክሰኞው በዚያ በሚያጥወለውል ሙቀት ቢሮዎቹ ወዳሉበት ወደ ላይኛው ከተማ፣ ወደ ሴቻ፣ ዳገቱን እየወጡ ደጅ ጠኑ። «ፈራሚው የለም»፤ «አዲስ መመሪያ ወጥቷል»፤ «ፋይሉ እየተፈለገ ነው»። ሽማግሌዎቹ ፊት ለፊት አልወቀሷቸውም፤ አብሯቸው የሄደም የለም። ሰባት ወር ተመላለሱ። ታኅሣሥ ላይ ሳይታሰብ ደብዳቤው ተፈርሞ ወጣ፤ ከከተማው ወጣ ያለ፣ ድንጋይና እሾህ የሞላበት ተዳፋት ተሰጣቸው።

እዚያ መጀመሪያ የተቀበሩት የክብሩ አባት ናቸው። በወሩ መጨረሻ ታመው፣ በሦስተኛው ቀን አረፉ። ጉድጓዱን ለመቆፈር አለቱ አስቸግሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፈጀ። ካሱም መጥቶ ዶማ ይዞ ውሏል። ቀብሩ አልቆ ሰው ሲበተን ክብሩ መጋቢውን ለብቻቸው አገኛቸው። ጋቢውን ዝቅ አድርጎ መሬት መሬት እያየ፣

«ፋይሉ ጠፍቶ አልነበረም» አለ። «የኔ መሳቢያ ውስጥ ነበር። አባቴ አልጋ ሳይዙ በፊት ነው ያወጣሁት፤ ይህን ብቻ ይመኑኝ።»

«ከአራተኛው ወር ጀምሮ ገምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ለሽማግሌዎቹ አልተናገሩም?»

«ከቤተ ክርስቲያን ያወጡህ ነበራ። ከወጣህ በኋላ ማን ይመልስሃል?»

ክብሩ አለቀሰ። ቀኑን ሙሉ ለአባቱ ያላለቀሰውን ያህል አለቀሰ። መጋቢ ዘካሪያስ እጃቸውን ትከሻው ላይ ሊያሳርፉ ፈለጉ፤ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። በልባቸው ይቅርታ ፈልገው አላገኙም፤ ያገኙት ያ የማክሰኞ ዳገት ብቻ ነበር።

«ይቅር ብዬሃለሁ እንዳልልህ ውሸት ይሆንብኛል» አሉት። «ዛሬ ደክሞኛል፣ ልጄ። እሑድ ና።»

መጣና ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። በቀጣዩ እሑድም መጣ። ሁለቱንም ጊዜ መጋቢው በአንገታቸው ሰላም ብለውት አለፉ። በሦስተኛው እሑድ፣ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ መጋቢ ዘካሪያስ ጉልበታቸውን እየደገፉ ሄደው አጠገቡ ተቀመጡ።