የለብህም

አብዱልናስር በአውሮፕላን ማረፊያው የጭነት ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ካርቶን ሲያነሳ ሲጥል ኖሯል፤ እንግሊዝኛን የለመደውም ካርቶኑ ላይ ከሚያነበው ጽሑፍ ነው። ፀጉሩ ሲሸብት ደግሞ ሃያ ሁለት ማዞሪያ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ሰዋስው መማር ጀመረ። «ሃቭ ቱ» አለብህ ከሆነ «ዶንት ሃቭ ቱ» የለብህም ነው ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈ፤ ማንንም አልጠየቀም። ምን ብሎ ይጠይቅ? በሚኖርበት ጎሮ ሰፈር የመድኃኒት ወረቀት ማስነበብ የፈለገ ጎረቤት ሁሉ የሚመጣው እሱ ዘንድ ነው።

ባለቤቱ ሀጀር ልቧን ታማ ቦሌ አንድ ክሊኒክ ስትተኛ፣ ሐኪሟ አማርኛ የማይሰማ የውጭ ሰው ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት መጥቶ መረመራትና፣ ሁለት ቀን ወንበር ላይ የተኮራመተውን አብዱልናስርን በሐዘኔታ አይቶ «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ስቴይ» አለው። ነርሷ ልትተረጉምለት አፏን ስትከፍት፣ «ገብቶኛል፣ ልጄ» ብሎ አቋረጣት። ጉራ ክፉ ነው፤ በሰው ፊት ተርጉሚልኝ ማለት ሞት መሰለው።

ሀጀር እጁን ለቀም አደረገች። «ዛሬን እንኳ አትሂድብኝ፣ አብዱ። ፈርቻለሁ።»

«መቆየት የለብህም አለኝ እኮ፣ ሀጀርዬ። የሐኪም ትእዛዝ ነው። ነገ በጠዋት ከች እላለሁ።»

ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቆ ወጣ። የተሳፈረበት ታክሲ ጎሮ ሳይደርስ ስልኩ ጮኸ። ሀጀር ማንም አጠገቧ ሳይኖር ሞተች። ያላወቁ አለቁ ይባላል፤ እሱን የጨረሰው ግን አውቃለሁ ማለቱ ነበር። ያን ጊዜ ይህ አልገባውም፤ ከባለቤቴ ለየኝ ብሎ ሐኪሙን ሲረግም ከረመ።

ከአራት ወር በኋላ፣ የቤቱ ዝምታ ሲበዛበት፣ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። በዕድሜ ልጁ ልትሆን የምትችል መምህርቱ ሀይሚ ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር ጽፋ ታስረዳለች። «‹ማስት ኖት› ክልክል ነው። ‹ዶንት ሃቭ ቱ› ግን ግዴታ የለም ማለት ነው። ሁለቱን እንዳታምታቱ።»

አብዱልናስር እጁን አወጣ። «ሐኪም አስታማሚውን ‹ዶንት ሃቭ ቱ ስቴይ› ቢለውስ?»

«ከደከመዎት ይሂዱ፣ ከፈለጉ ይቆዩ ማለቱ ነዋ፣ ጋሼ። ማን ይከለክልዎታል?»

«ፈልጌ ነበር እኮ» አለ።

ቀልድ መስሏቸው ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ሀይሚም እየሳቀች፣ «ታዲያ ለምን አልቆዩም?» አለችው።