የጎብኒት ሪባን

የጎብኒት ኒ ሉሳ ስም ሁሉም እንዳሻው የጎተተው ስም ነው። ያጠመቋት ቄስ መዝገቡ ላይ «ዲቦራ» አሏት፤ የትምህርት ቤቱ መምህር «አቢጌል» ብሎ ጠራት፤ እንግሊዝ አገር ልብስ ስታጥብ አሠሪዋ «አቢ» ብላ አሳጠረችው። ደብዳቤ የሚጽፍላትም አንዱ «ጎብናት» ሌላው «ጎቢኔት» ይላታል። እሷ ግን በልቧ ጎብኒት ነበረች፤ በከብት ዘራፊዎች ላይ ንቦቿን የለቀቀችው የደብሯ የባሊቮርኒ ቅድስት ሞክሼ። እንደ ቅድስቲቱም ንብ ታረባለች።

ባል አላገባችም። የወንድሟ ሚስት በወሊድ ስትሞት ልጁን ታይግን አሳደገችው። በአገሩ ልማድ የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ በሚስት እናት፣ ሁለተኛዋ በባል እናት ስም ትጠራለች። ለታይግ እናቱ እሷ ናት። በደብሩ ደግሞ ጎብኒት የሚል ስም የያዘ ሌላ ሰው በሕይወት አልነበረም። የታይግ የመጀመሪያ ልጅ ከተወለደች ወዲህ ጎብኒት አራት ዓመት ሙሉ ሁለተኛዋን ጠበቀች።

ተወለደች። የታይግ ሚስት፣ የኮርክ ከተማዋ ኢሜልዳ፣ «ኢቮን» አለቻት።

«ጎብ በአገሩ ቋንቋ መንቁር ማለት አይደል?» አለች በሰው ፊት። «ልጄን መንቁር ብዬ ልጥራት?»

«ብረት ቀጥቃጭ ማለት ነው፣ አንቺ የአስፋልት ልጅ። በመንቁሩስ ከአንቺ ወዲያ ላሳር» አለቻት ጎብኒት።

ታይግ የጫማውን ጭቃ ይፍቅ ነበር።

ጎብኒት ከዚያ ወዲህ ደጃቸውን አልረገጠችም። የመጠጥ ቤት ተረበኞችም ገጠሙባት፦

ጎብኒት የንብ እናት ማሯን የማታልስ፣
ልጅ የላት፣ ዘር የላት፣ ስሟን የሚወርስ።

ሰምታ መንገዷን ቀጠለች። ዝምታዋ የክረምት ቀፎ ነው፤ ጆሮውን ላስጠጋ ውስጡ ይጮኻል።

በየካቲት በቅድስቲቱ ዕለት የእንጨት ምስሏ በቤተ ክርስቲያኑ ለሕዝብ ይወጣል። ሰዉ ተሰልፎ ሪባን በቁመቷና በዙሪያዋ ይለካል፤ የተለካው ሪባን የዓመቱ መድኃኒት ነው። ጎብኒት መጨረሻ ላይ ለክታ ስትወጣ፣ ቄሱም ምስሉን ወደ ቦታው ሊመልሱ ሲያነሱ፣ ኢሜልዳ ሕፃኗን ታቅፋ እያለከለከች ደረሰች። ሕፃኗ እንደ ተቀደደ ወናፍ ታስላለች።

«ሐኪም ቤት ቆየን» አለች።

«ሐኪሙ መድኃኒት ሰጣት ወይስ ስም አወጣላት?» አለች ጎብኒት።

ኢሜልዳ ከንፈሯን ነከሰች። «ሪባንዎን ይስጡኝ አልልም። ይሽጡልኝ።»

«የኔ አይሸጥም።»

ሕፃኗ እስክትጠቁር ሳለች። ጎብኒት ሪባኑን ወረወረችላት።

«ማታ ማታ አንገቷ ላይ ስታስሪው ባለቤቲቱን በስሟ ትጠሪያለሽ። ያለዚያ ጨርቅ ነው።»

«በልቤ እጠራለሁ።»

«ቅድስቲቱ አርጅታለች፤ ጆሮዋ ከብዷል።»

ኢሜልዳ ያን ስም ለመጥራት አፏን ከፍታ አታውቅም፤ ጎብኒትን «ያቺ ሴትዮ» ነበር የምትላት። አሰረችው። «ጎብኒት» አለች፣ እሾህ እንደሚተፋ ሰው። «ልጄን ማሪልኝ።» ቀና አለችና «ስምዎን አሁንም አልወደውም» አለቻት።

«ውደጂልኝ አላልኩሽም።»

ንቦቹ ለፀደይ ሲወጡ ታይግ ሪባኑን አጥፎ መለሰላት። ሳሉ ሕፃኗን ለቋታል። ከኢሜልዳ ምስጋና የለም።

«ስሜ ከቤታችሁ ወጣ በለኛ» አለችው።

ታይግ አንገቱን አከከ። «አልወጣም፣ እማ። ትልቋ ልጅ ማታ ማታ ስትሰማ ከርማ አሻንጉሊቷን ጎብኒት አለቻት። እናቷ ብትቆጣት፣ ብትቆነጥጣትም እምቢ አለች።»

ጎብኒት ሪባኑን ጣቷ ላይ ጠቀለለች።

«መንቁር አላት?»

«የላትም። አፏ በክር የተሰፋ ነው።»

ጎብኒት ከመደርደሪያው አንድ ብርጭቆ ማር አወረደች።

«ለሞክሼዬ ስጥልኝ። እናቲቱን ግን ማንኪያዋን እንኳ እንዳታስልሳት።»